ሁለት ነጠላና አሥራ ስድስት ጫማ
ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ ግድግዳቸው ከተያያዘ ቤቶች በአንዱ ስኖር አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ባለፈው ጸደይ በምሥራቅ በኩል ባለው ጎረቤቴ ደጃፍ ላይ ብርቱካናማ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። የሚሸጥ ቤት መስሎኝ ሁለት ቀን አልፌው ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን መነጽሬን አድርጌ ሳነበው፣ ጎረቤቴ ቤቱን ወደ ጓሮ ለማስረዘም የዞኒንግ ማስተካከያ ቦርዱን (ከግንባታ ደንቡ አልፎ ለመሥራት የሚጠየቀውን የከተማውን አካል) ልዩ ፈቃድ ጠይቋል። በ200 ጫማ (60 ሜትር ገደማ) ክልል ውስጥ ላሉ ባለቤቶች ሁሉ ደብዳቤ ይላካል ተባልኩ፤ ከሱቅ ማስታወቂያዎች ጋር ጥዬው መሆን አለበት።

ደንቡ እንዲህ ነው፦ እንደ እኛ ባሉ ቤቶች ከጎን ካለው ቤት የኋላ ግድግዳ እስከ 10 ጫማ አልፎ መሥራት ይቻላል። ከዚያ ካለፈ ቦርዱን ማስፈቀድ ግድ ነው። እሱ የጠየቀው 16 ነው። የጠዋት ፀሐይ የሚገባው ደግሞ በዚያው በኩል ነው፤ በርበሬዬን የማሰጣውም እዚያው ነው።

ወደ ሰፈራችን አማካሪ ኮሚሽን የደወልኩት ብዙ ሳልጠብቅ ነበር። የሰፈር ስብሰባ ሲባል ለእኔ ትዝ የሚለኝ ቀበሌ ነው፤ የቀረ ሰው ስሙ ይመዘገብ ነበር። እዚህ ግን ኮሚሽነሮቹ በየሁለት ዓመቱ የሚመረጡና ደመወዝ የሌላቸው ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ወደ 2,000 የሚጠጉ ነዋሪዎችን ይወክላሉ። መፍቀድም መከልከልም አይችሉም። ነገር ግን የከተማው መሥሪያ ቤቶች ለምክራቸው «ታላቅ ክብደት» እንዲሰጡ፣ ካልተቀበሉትም ምክንያታቸውን በጽሑፍ እንዲያስረዱ ሕግ ያስገድዳል። «ክብደቱ ስንት ኪሎ ነው?» ብዬ ቀልጄ ነበር።

የእኛ አካባቢ ኮሚሽነር ቅዳሜ ጠዋት ሜትር ይዞ መጣ። አሥራ ስድስቱን ጫማ ለክቶ የመጥረጊያዬን እንጨት መሬት ላይ ተከለው። እኔ ሁለት ነጠላ ቀጥዬ ግድግዳው በሚቆምበት መስመር ዘረጋሁና ከማጀቴ መስኮት ሆነን አየነው። ጎረቤቴም ከጓሮው ብቅ ብሎ «ይህን ያህል ነው እንዴ?» አለ። ንድፉን ወረቀት ላይ እንጂ በቦታው አላየውም ነበር። ለዚህች ለአንዷ ጠዋት ብቻ ለኮሚሽኑ አምስት ከአምስት እሰጠዋለሁ።

የኮሚሽኑ ስብሰባ ግን ሌላ ነገር ነው። ረቡዕ ማታ በአንድ ሰዓት በኢንተርኔት ተጀመረ፤ የእኛ ጉዳይ ተራው ዘጠነኛ ነበር። ስለ አንድ የብስክሌት መንገድ አርባ ደቂቃ ተጨቃጨቁ። ተራዬ ሲደርስ ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፏል፤ እኔ በማግስቱ ንጋት ላይ ሥራ የምገባ ሰው ነኝ። የተሰጠኝ ሁለት ደቂቃ ሲሆን አስተርጓሚ አልነበረም። የእህቴ ልጅ አጠገቤ ሆና ተረጎመችልኝ፤ ትርጉሙ ግማሹን ጊዜ በላው። የከተማው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ እ.ኤ.አ. በ2004 ከወጣ ወዲህ ስንት መሥሪያ ቤት ቅጹን በአማርኛ አዘጋጅቷል፤ እዚህ ግን አስተርጓሚ እንኳ የለም! እ.ኤ.አ. በ2024 ምርጫ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎችም ለእነዚህ ኮሚሽነሮች ድምፅ መስጠት ችለዋል። ድምፃችን ከተፈለገ ቋንቋችንም ሊፈለግ ይገባል። አጀንዳው የሚላከው ደግሞ በኢሜይል፣ ቀድሞ ለተመዘገበ ሰው ብቻ ነው። ሕዝብን ለማሳተፍ የሚለፉትን ልፋት ከአምስት ሁለት ብሰጠው አልበዛብኝም።

ውሳኔው ግን አላሳፈረኝም። ጎረቤቴ ወደ 12 ጫማ ለመቀነስ ተስማማ፤ ኮሚሽኑም በዚሁ ልክ እንዲፈቀድለት ድምፅ ሰጥቶ ለቦርዱ ደብዳቤ ጻፈ። ቦርዱ በ12 ጫማ ሲፈቅድ የኮሚሽኑን ደብዳቤ ጠቅሶታል። በርበሬ ማስጫዬን ሁለት እርምጃ ወደ ምዕራብ አዛውሬያለሁ።

ስለ አጀንዳው ለኮሚሽነሩ በምሬት ስነግረው «አንቺ ከተረጎምሽው እኔ አባዝቼ እለጥፈዋለሁ» አለኝ። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ የእነሱን ሥራ ለእኔ ማሸከም ነው። አሁን ግን በልብስ ማጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚቀጥለው ወር አጀንዳ ተለጥፏል፤ የአማርኛው በእጄ ጽሑፍ ነው። «ልዩ ፈቃድ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ።