ኩርባ ላይ ዓይን የት ይረፍ? ጠርዙ ላይ ወይስ መውጫው ላይ?

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ኩርባው አያልቅም። መሪውን የያዘው እጅ ነው፤ እጁን የሚያዘው ግን ዓይን ነው። ዓይንን የት እናድርግ?

አንደኛው አማራጭ የኩርባው የውስጥ ጠርዝ ነው፤ ጠርዙ ወደ ሹፌሩ መንገድ ገፍቶ ገብቶ መልሶ የሚሸሽበት ነጥብ። በ1994 እ.ኤ.አ. ማይክል ላንድና ዴቪድ ሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ስኮትላንድ፣ ኤድንብራ ውስጥ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የሹፌሮችን ዓይን ተከታትለው ውጤቱን ኔቸር መጽሔት ላይ አወጡ። ሹፌሮቹ ኩርባው ከመድረሱ 1 ወይም 2 ሰከንድ ቀደም ብለው ይህን ነጥብ ይፈልጉ ነበር። ነጥቡ ከመኪናው አቅጣጫ ወደ ጎን ባፈነገጠ ቁጥር ኩርባው ይጠብቃል፤ መሪውም በዚያው ልክ ይዞራል።

ሁለተኛው ደግሞ ጎማው የሚያልፍበትን መስመር እስከ መውጫው ድረስ እያዩ መሄድ ነው። እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ። እጅ ዓይን ወዳለበት ይሳባላ! ጠርዙ ላይ ያፈጠጠ ሰው ሳያስበው ኩርባውን ይቆርጣል። ቀኝ ኩርባ ላይ እዚያ ጠርዝ ጋ የሚጠብቀው የተበላሸ መኪና ጎማ ሲደገፍበት ቆይቶ ሳይነሳ የቀረ ድንጋይ ሊሆን ይችላል። ግራ ኩርባ ላይ ከቆረጠማ ጭነት የያዘ ከባድ መኪና ፊት ለፊት ይገጥመዋል።

ተራራው መውጫውን ሲጋርደው ግን ወደ መጀመሪያው መመለስ ግድ ነው። ነጥቡ እየራቀ ከሄደ ኩርባው እየተከፈተ ነው። ከመኪናው ያለው ርቀት ካልተለወጠ ኩርባው እንዳለ ቀጥሏል፤ ከቀረበ ግን እየጠበቀ ነውና ፍጥነት መቀነስ ነው። ማታም እንደዚያው፤ የአብዛኞቹ መኪኖች የፊት መብራት ቀጥታ እንጂ ጠምዝዞ አያበራም።