ለሰፈር የስቴንስል ኅትመት ሥልጠና የቱ ዕቃ ይገዛ? የሦስት መንገዶች ንጽጽር

ለወጣት ማዕከል፣ ለትምህርት ቤት የሥነ ጥበብ ክበብ ወይም ለሰንበት ትምህርት ቤት የስቴንስል ኅትመት፣ ማለትም በተቆረጠ ቅርጽ ክፍተት ቀለም አሳልፎ የማተም፣ ሥልጠና ሊሰጥ ያሰበ ሰው ገበያ ሲወጣ በብዛት የሚቀርብለት ቲሸርት አታሚዎች የሚጠቀሙበት ዕቃ ነው። ሻጩ የለመደው ደንበኛ አታሚውን ስለሆነ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ቲሸርት ያትማሉ?» ብሎ ነው። አሠልጣኙ ግን ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው በአንድ ጊዜ ስንት ተማሪ ሥራ ላይ ሊሆን እንደሚችል ነው። አንድ ጥሩ ስክሪን፣ ማለትም በፍሬም ላይ የተወጠረ ወንፊት መሳይ የማተሚያ ጨርቅ፣ በቀን 100 ቲሸርት ቢያወጣም 20 ተማሪ ባለበት ክፍል ውስጥ አብዛኛውን ተማሪ ቆሞ ተመልካች ያደርገዋል። ይህ ንጽጽር የተዘጋጀው ከ15 እስከ 20 ተማሪ፣ አንድ አሠልጣኝ፣ 3 ሰዓት ያህል ጊዜና አንድ የውኃ ቧንቧ ያለበትን ክፍል ታሳቢ በማድረግ ነው።

የሚነጻጸሩት መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ቅርጹን በፕላስቲክ ላይ በምላጭ ቆርጦ በስፖንጅ ወይም በአጭር ብሩሽ ቀለም መምታት ነው። ሁለተኛው ስክሪን ገዝቶ ከሥሩ የተቆረጠ ወረቀት እያስገቡ ማተም ነው። ሦስተኛው በዚያው ስክሪን ላይ ብርሃን ሲያገኘው የሚጠነክር፣ ኢመልሽን የሚባል ፈሳሽ ቀብቶ ምስሉን በብርሃን ማውጣት ሲሆን የቲሸርት አታሚዎች የዘወትር አሠራር ይኸው ነው።

የፕላስቲክ ስቴንስል

በዋጋ ዝቅተኛው ይህ ነው። የሚገዛው ፕላስቲክ ውፍረቱ ከ0.12 እስከ 0.2 ሚሊሜትር ቢሆን ይመረጣል። ከዚህ የሳሳው፣ ለምሳሌ ደብተር የሚለበድበት ፕላስቲክ፣ እርጥብ ቀለም ሲነካው ይጨማደዳል፤ ጠርዙም ከወረቀቱ ላይ ስለሚነሳ ቀለም ከሥሩ ይገባል። ከዚህ የወፈረው የልጅን አንጓ ያደክማል፤ ምላጩም ጥግ ላይ ሲደርስ ይንሸራተታል። ካርቶን ከጥቂት ኅትመት በኋላ ቀለም ጠጥቶ ስለሚላላ ከሙከራ አያልፍም። ያገለገለ የኤክስሬይ ፊልም 0.18 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ስላለው ለዚሁ ሥራ የተመረተ ይመስላል፤ ጥቁሩ ሽፋን ውኃ በተቀላቀለበት በረኪና ውስጥ ሲዘፈዘፍ ይለቃል። ይህንን ግን ጓንት ያጠለቀ ዐዋቂ አየር በሚገባበት ቦታ ይሥራው፤ ፊልሙን ለተማሪ ከመስጠቱ በፊትም የታካሚው ስም የታተመበትን ጠርዝ ቆርጦ ያስወግደው።

ከተር ለሁለት ተማሪ አንድ ቢደርስ ይበቃል፤ መለወጫ ምላጩ ግን በብዛት ይገዛ። ሰው የደነዘዘ ምላጭ ሲይዝ ኃይል ስለሚጨምር እጁን የሚቆርጠው ያን ጊዜ ነው። የምላጩ ስፋት 9 ሚሊሜትር የሆነው ከተር ከ18 ሚሊሜትሩ ይልቅ ለጥምዝ መስመር ይታዘዛል። ተማሪዎቹ ከ10 ዓመት በታች ከሆኑ አሠልጣኙ ቅርጾቹን አስቀድሞ ቆርጦ ቢመጣ ይሻላል፤ ልጆቹ ቀለሙን በመምታትና ቅርጾቹን በማደራረብ የሚማሩት ነገር አያንስም። ርጭት ቀለም ለመንገድ ሥዕል ዝና ያለው ቢሆንም ጢሱ ሳንባ ስለሚጎዳ ለተዘጋ ክፍል ፈጽሞ አይገዛ።

የዚህ መንገድ ትልቁ ብልጫ ተማሪው ሁሉ የየራሱን ስቴንስል ይዞ በአንድ ጊዜ መሥራት መቻሉ ነው። መብራት ቢጠፋ ሥራው አይቆምም፤ አንድ ባልዲ ውኃም ለክፍሉ በሙሉ ይበቃል። ጉድለቱ በጠርዝ ጥራት ላይ ነው፤ ጀማሪ ሁልጊዜ ቀለም ያበዛል፤ ስፖንጁንም በመምታት ፋንታ ይጠርግበታል። ሌላው ጉድለት ጽሑፍ ላይ ይታያልና ለብቻው ቢነሳ ይሻላል።

ፊደልና ስቴንስል

በአማርኛ ጽሑፍ ለማተም የሚገዛ ሰው ይህን ነጥብ ከዋጋው አስቀድሞ ሊያየው ይገባል። «ሰላም» የሚለውን ቃል በፕላስቲክ ላይ የቆረጠ ተማሪ «ሰ» እና «ላ» ያለ ችግር ይወጡለታል፤ «ም» ላይ ሲደርስ ግን የሁለቱ ክቦች መሐል ተቆርጦ ይወድቃል፤ በፊደሉ ፋንታም ሁለት ድፍን ጉብታዎች ይታተማሉ። «መ»፣ «ቀ»፣ «ወ»፣ «ዐ» እና «ፀ» ከነዘሮቻቸው ይህ ጠባይ አላቸው። በፕላስቲክ ላይ መፍትሔው መሐሉን ከውጭው ጋር የሚያያይዝ፣ ከ3 ሚሊሜትር ያላነሰ ድልድይ መተው ነው። የቡና ጆንያ ላይ የሚታየው የተቆራረጠ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ድልድይ ያለበት ነው፤ ተማሪው ድልድዩን እንደ ንድፉ አካል ከቆጠረው ያምራል፤ ጽሑፉ ሲያንስ ግን ድልድዩ ፊደሉን ይበላዋል።

ስክሪን ይህንን ችግር ከሥሩ ያጠፋዋል። የተቆረጠው ወረቀት በሚታተመው ነገር ላይ ይነጠፋል፤ የ«ም» ሁለቱ ቁራጮች በከተር ጫፍ ተነሥተው በየክባቸው መሐል ይቀመጣሉ፤ ከዚያም ስክሪኑ ይወርድና ቀለሙ አንድ ጊዜ ይጎተታል። ስክሪኑ ሲነሣ ወረቀቱም ሁለቱ ቁራጮችም በቀለሙ ርጥበት ከጨርቁ ጋር ተጣብቀው አብረው ይነሣሉ፤ ከዚያ በኋላ ባለው ኅትመት ሁሉ ከቦታቸው አይናወጡም። ጃፓኖች ካታጋሚ በሚሉት የወረቀት ስቴንስላቸው ላይ ተንጠልጣይ ቁራጮችን በቀጭን የሐር ክር ያያይዙ ነበር፤ የስክሪኑ ጨርቅ ዛሬ የሚሠራው ያንኑ ሥራ ነው። ከእንጨት ቅርጽ ወይም ከሊኖሊየም ኅትመት በተለየ በሦስቱም የስቴንስል መንገዶች ጽሑፍ ተገልብጦ ስለማይቆረጥ፣ ጀማሪ ተማሪ ፊደሉን እንደሚያነበው ይሠራዋል።

ስክሪን ከወረቀት ስቴንስል ጋር

በዚህ ጸሐፊ ግምት ለሰፈር ሥልጠና ቀዳሚው ግዢ ይህ ነው። በአንድ ትልቅ ስክሪን ፋንታ ግን አምስት ትንንሾች ይገዙ። 20 ተማሪ አራት አራት ሆኖ ሲከፈል አንዱ ፍሬሙን ያነሣል፣ አንዱ ቀለሙን ይጎትታል፣ አንዱ ወረቀት ያስገባል፣ አንዱም የታተመውን ገመድ ላይ ይሰቅላል፤ ከጥቂት ኅትመት በኋላ ቦታ ይለዋወጣሉ። ቀለም የሚጎትተው ልጅ እጁ ስለሚበላሽ ንጹሑን ወረቀት ሌላ ሰው መያዙ የግድ ስለሆነ፣ መተባበርን ማንም ሳይሰብክ ሥራው ራሱ ያስተምረዋል።

የስክሪን ጨርቅ የሚለየው በሴንቲሜትር ባለው የክር ብዛት ነው። በሴንቲሜትር 43 ክር ያለው፣ በአሜሪካ አቆጣጠር በኢንች 110 የሚባለው፣ ለቲሸርትም ለአቡጀዲም ለፖስተርም ያገለግላል። 77 ወይም 90 ክር ያለው በወረቀት ላይ ቀጭን መስመር ያወጣል፤ ጀማሪ እጅ ላይ ግን ቶሎ ይደፈናል። አንድ ዓይነት ብቻ የሚገዛ ሰው 43ቱን ይግዛ። በመጠን በኩል የፍሬሙ የውስጥ ስፋት ከሚታተመው ምስል በየጎኑ 8 ወይም 10 ሴንቲሜትር ቢበልጥ ለቀለሙ ማረፊያ ይኖረዋል። የእንጨት ፍሬም በሰፈር አናጢ ሊሠራ ስለሚችል ዋጋው ይቀንሳል፤ ይሁን እንጂ በታጠበ ቁጥር ውኃ ስለሚጠጣ ቫርኒሽ ካልተቀባ በጥቂት ወራት ይጠማዘዛል፤ የተጠማዘዘ ፍሬም ደግሞ አንድ ጥጉ ከጠረጴዛው ስለሚነሣ የኅትመቱ አንድ ጎን ይደበዝዛል። አሉሚኒየም አይጠማዘዝም፤ ጨርቁ ሲቀደድም ሌላ ይወጠርበታል። ሥልጠናው በየሳምንቱ የሚካሄድ ከሆነ አሉሚኒየሙ ዋጋውን ይመልሳል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚያዘጋጅ ግን እንጨቱ ይበቃዋል።

ቀለሙ የሚጎተትበት ላስቲክ፣ አታሚዎች ስኩዊጂ የሚሉት፣ ከምስሉ በየጎኑ 2 ሴንቲሜትር ያህል የሚሰፋ ይሁን። ጠርዙ ቀጥ ያለው ለወረቀት፣ ጠርዙ የዞረው ለጨርቅ ይስማማል። ለስቴንስሉ የጋዜጣ ወረቀት ወይም ሌላ ስስ ወረቀት ከበቂ በላይ ነው፤ አንዱ ከ20 እስከ 50 ኅትመት ሊቆይ ይችላል። ስክሪኑ ሲታጠብ ወረቀቱ ስለሚጣል በሌላ ቀን ያንኑ ምስል ማተም ያማረው ተማሪ እንደገና ይቆርጣል። ይህ እንደ ጉድለት ቢቆጠርም ክፍሉ ሁልጊዜ በአዲስ ሥራ እንዲጀምር ያስገድዳል።

ቀለም

ዕቃ ገዢዎች ከሁሉ ይልቅ ቸል የሚሉት ይህን ነው። ፕላስቲሶል የሚባለው የቲሸርት ቀለም ስክሪኑ ላይ ስለማይደርቅ ለአታሚ ምቹ ነው፤ ነገር ግን 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሙቀት ካላገኘ ቲሸርቱም ላይ ፈጽሞ አይደርቅም፤ ስክሪኑን ለማጠብም ኬሚካል ይጠይቃል። ማድረቂያ ማሽን የሌለው ሥልጠና ሊገዛው አይገባም። የግድግዳ ቀለም ርካሽ መስሎ ይታያል፤ ጨርቅ ላይ ሲታጠብ ይሰነጣጠቃል፤ ስክሪን ላይ ከደረቀም ጨርቁን ይዞት ይቀራል። ትክክለኛው ምርጫ ለጨርቅ የተሠራ በውኃ የሚታጠብ ቀለም ነው። የታተመው ከደረቀ በኋላ በላዩ ስስ ጨርቅ ተነጥፎ ያለ እንፋሎት በጋለ ካውያ ጥቂት ደቂቃ ሲተኮስ ይጸናል።

ይህ ቀለም በደጋ ከተሞች በበጋ ወራት አንድ ፈተና አለበት። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ አየር በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ቀለሙ በስክሪኑ ቀዳዳዎች ውስጥ በደቂቃዎች ይደርቃል፤ ተማሪዎቹ ስለ አንድ ነገር ሲከራከሩ ስክሪኑ ይደፈናል። ስለዚህ ከቀለሙ ጋር የማድረቂያ ጊዜውን የሚያዘገይ ፈሳሽ፣ ሻጮች ሪታርደር የሚሉት፣ አብሮ ይገዛ። ከአንዱ ኅትመት ወደ ሌላው ሲታለፍም ስክሪኑን ከፍ አድርጎ በላዩ ስስ ቀለም ማልበስ ቀዳዳዎቹን እርጥብ ያደርጋቸዋል። በክረምት ችግሩ ይገለበጣል፤ ስክሪኑ ሲስማማ ገመድ ላይ የተሰቀለው ኅትመት ለመድረቅ ይዘገያል።

ኢመልሽን

በጥራት የሚወዳደረው የለም። ፎቶግራፍ፣ ደቃቅ ጽሑፍና የእጅ ጽሕፈት ሳይቀር ይወጣበታል፤ አንዱ ስክሪንም በመቶዎች የሚቆጠር ኅትመት ይሸከማል። በሦስት ሰዓት ሥልጠና ውስጥ ግን አይገባም። ኢመልሽኑ ከብርሃን በተከለለ ክፍል ይቀባል፤ ስክሪኑ አግድም ተጋድሞ ለሰዓታት ይደርቃል፤ ምስሉ የታተመበት ግልጽ ሉህ ተደርቦበት በብርሃን ይመታል፤ ከዚያ ያልጠነከረው ክፍል በሚገፋ ውኃ ይታጠባል፤ እንደገናም ይደርቃል። ቧንቧው በቀጭኑ የሚወርድበት ሰፈር ይህ እጥበት ብቻውን ሥራውን ያሰናክላል። ፀሐይ እንደ መብራት ሊያገለግል ቢችልም ደመና ባለፈ ቁጥር ጊዜው ስለሚለዋወጥ ብዙ ሙከራ ይፈልጋል።

ዲያዞ የሚባለው ኢመልሽን ከተቀላቀለ በኋላ በክፍል ሙቀት ከጥቂት ሳምንታት በላይ ስለማይቆይ፣ አልፎ አልፎ ለሚያሠለጥን ሰው ግማሹ ሳይሠራበት ይበላሻል። ርካሽ አማራጭ ተብሎ ባይክሮሜት ዱቄት ያለበት ቢቀርብ ደግሞ አለመግዛት ነው፤ ይህ የክሮሚየም ውሕድ ካንሰር አምጪ መሆኑ የታወቀ ሲሆን ከልጆች ጋር በአንድ ክፍል ሊገባ አይገባም። ኢመልሽን የሚጠቅመው ለአንድ ቡድን ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት ለሚዘልቅ ሥልጠና፣ ያውም ተማሪዎቹ የወረቀቱን ስቴንስል ከለመዱ በኋላ ነው።

በ1968 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የፓሪስ ተማሪዎች የከተማዋን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተቆጣጥረው የተቃውሞ ፖስተር ማተም ሲጀምሩ መጀመሪያ የሞከሩት በሊቶግራፍ፣ ማለትም በድንጋይ ላይ ተሥሎ በሚታተም ዘዴ፣ ነበር፤ የሚወጣው ብዛት አላረካቸውም፤ ወዲያው ወደ ስክሪን ዞሩ። የብዙ ቅጂ ፍላጎት ወደ ስክሪን እንደሚገፋ እነርሱም አይተዋል።

ስለ ማባዣ ማሽን በአጭሩ

በ1960ዎቹ እንደ እኛ አቆጣጠር የተማሪዎች በራሪ ወረቀት የሚባዛው በሰም በተቀባ ስቴንስል ነበር። ዛሬ ሪሶ የሚባለው ማባዣም በውስጡ በሙቀት የሚበሳ ስቴንስል ስላለው የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ በደቂቃም ከ100 ገጽ በላይ ያወጣል። ትንሽ መጽሔት ለማዘጋጀት እጅግ ጥሩ ነው። ለሥልጠና ብሎ መግዛት ግን አይመከርም፤ ተማሪው አዝራር ከመጫን ያለፈ ነገር አይሠራበትም፤ ጨርቅ ላይም አያትምም። ትምህርት ቤቱ ለፈተና የገዛው ካለ አስፈቅዶ መጠቀም ይበቃል።

ለማን የቱ

ለሕፃናት፣ ለአንድ ቀን ዝግጅት፣ እንዲሁም ውኃና መብራት ለማያስተማምን ቦታ ፕላስቲክ ይገዛ። ለወጣቶችና ለዐዋቂዎች፣ በተለይም የማኅበር፣ የሠርግ ወይም የሩጫ ቲሸርት ላይ አማርኛ ለሚጽፉ፣ አምስት ትንንሽ ስክሪንና የጋዜጣ ወረቀት ይመረጥ። አሜሪካ ለሚኖሩና ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች አማርኛ ለሚያስተምሩ ወገኖች ስፒድቦል የተባለው ኩባንያ እንደሚያቀርበው ያለ በሣጥን የሚሸጥ የጀማሪ ዕቃ ቀላል አማራጭ ሆኖ ይታያል፤ በሣጥኑ ያለው ግን አንድ ፍሬምና አንድ ስኩዊጂ ስለሆነ ለቤተሰብ እንጂ ለክፍል አይበቃም፤ ሣጥኑን ትቶ ፍሬሞቹን ለየብቻ መግዛት ይሻላል።

ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ሱቁ ውስጥ ሊደረጉ የሚገባቸው ሦስት ፍተሻዎች አሉ። ስክሪኑ በጣት መሐሉ ላይ ሲመታ እንደ ከበሮ መንጠርና መሰማት አለበት፤ ጣት ሲጫነው የሚሰምጥ ከሆነ ውጥረቱ ላልቷልና ይቅር። ፍሬሙ በመስታወት መደርደሪያ ላይ ተኝቶ አራቱ ጥጎቹ በየተራ ይጫኑ፤ የሚንቀሳቀስ ጥግ ካለ ተጠማዟል። ስኩዊጂው ደግሞ በዚያው መስታወት ላይ ቀጥ ብሎ ይቁምና ከበስተኋላው ወደ ብርሃን ይታይ፤ በላስቲኩና በመስታወቱ መካከል ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ካለ፣ በዚያ ቦታ ላይ በእያንዳንዱ ኅትመት የቀለም መስመር ይቀራል።