ዋዙህን 8 ወር ተጠቀምኩበት

የምሠራው ደሴ ፒያሳ ባለ አንድ የጅምላ ንግድ ቤት ነው። ኮምቦልቻ መጋዘን አለን። ሁለቱ ጋ ተደምሮ 14 ኮምፒውተር፣ ሁሉም ዊንዶውስ። አይቲው እኔ ብቻ ነኝ፤ ፕሪንተር ወረቀት ሲያኝክም የምጠራው እኔው ነኝ።

ዋዙህ (Wazuh) የኮምፒውተር ደህንነት መከታተያ ሶፍትዌር ነው። የመረጥኩት ነፃ ስለሆነ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። የየኮምፒውተሩን ሎግ (ማን መቼ ገባ፣ ምን ተደረገ የሚለውን መዝገብ) አንድ ሰርቨር ላይ ይሰበስብና አጠራጣሪውን ለይቶ ያሳያል። በ8 ጊጋባይት ራም ጀመርኩ። ይሠራል፤ ግን ገጹ እስኪከፈት አቦሉ ይጠጣል። 16 ካደረግኩት በኋላ ተንፈስ አለ።

የመጀመሪያው ወር በኢሜይል የሚመጣ የማንቂያ ጩኸት ብቻ ነበር። ከመጋዘኑ ኮምፒውተር 4625 በላይ በላዩ ይመጣል። ቁጥሩ «ለመግባት ተሞክሮ አልተሳካም» ማለት ነው። ሌባ ገባ ብዬ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ሄድኩና በኮምፒውተሩ የሚሠሩትን እትዬን ጠየቅኩ።

«እትዬ፣ ፓስወርድ ቀይረዋል እንዴ?»

«አንተው አይደለህ ቀይሩ ያልከኝ?»

እሳቸው ቀይረዋል፤ ኮምፒውተሩ ግን ለጋራ ፎልደሩ ያስቀመጠውን የድሮ ፓስወርድ ይዞ በየደቂቃው ያንኳኳል። አስተካከልኩት። ከዚያ ተናድጄ የ4625ን ኢሜይል ሙሉ በሙሉ ዘጋሁት። የሠራሁት ትልቁ ስህተት ይሄ ነው።

በሦስተኛው ወር ሌላ ነገር ስፈልግ የሒሳብ ክፍሉን ኮምፒውተር አየሁት። በአንድ ሌሊት ከ9 ሺህ በላይ 4625። የተሞከሩት ስሞች «አድሚኒስትሬተር»፣ «አድሚን»፣ «ቴስት»። እኛ ቤት በዚህ ስም የሚገባ ሰው የለም። ለካ የሒሳብ ሶፍትዌሩን የጫነልን ባለሙያ ከሩቅ ለመሥራት እንዲመቸው ራውተሩ ላይ 3389ን፣ ማለትም ኮምፒውተርን ከሩቅ የሚያሠራው «የርቀት ዴስክቶፕ» የሚገባበትን በር (ፖርት)፣ ከፍቶት ሄዷል፤ ለማንም አልነገረም።

ወዲያው ዘጋሁት። ግን ገብተዋል ወይስ አልገቡም? የርቀት ዴስክቶፕ ነው ብዬ፣ ዊንዶውስ ለእሱ የሚሰጠው የመግቢያ ዓይነት 10 ያለበትን 4625 ብፈልግ ባዶ ነው። ዊንዶውስ ዴስክቶፑን ከመክፈቱ በፊት ማንነት ስለሚያጣራ፣ ያልተሳካው ሙከራ እንደ ኔትወርክ መግቢያ፣ ዓይነት 3 ተብሎ ነው የሚመዘገበው። የተሳካውን፣ ማለትም 4624ን፣ አንድ በአንድ አየሁ፤ የውጭ አድራሻ የለም። አዲስ ዩዘር ሲፈጠር የሚመዘገበው 4720ም፣ ሎግ ሲጠፋ የሚመዘገበው 1102ም የለም። ያኔ ነው ምሳ የበላሁት።

ዋዙህ ዋጋውን ያስመለሰው እዚህ ላይ ነው። የዊንዶውስ የሴኩሪቲ ሎግ ካልተነካ 20 ሜጋባይት አካባቢ ነው፤ ሲሞላ አሮጌውን እየደመሰሰ ይጽፋል። ኮምፒውተሩ ላይ የቀረው የ2 ቀን ብቻ ነበር። ሰርቨሩ ላይ ግን ጥቃቱ ከጀመረ 9 ቀን እንደሆነው ተገኘ። ዘጠኙንም ቀን ኢሜይሉን ዘግቼ ተኝቻለሁ።

የሚያናድደኝ ሰዓቱ ነው። ማንቂያው በዓለም አቀፉ ሰዓት (UTC) 23:10 ይላል። 3 ጨምር፣ 6 ቀንስ፣ ከሌሊቱ 8፡10። መብራት ሲጠፋም ሰርቨሩ አብሮ ይጠፋል፤ ባትሪ ሳይገዙ ይህን መጀመር ልፋት ነው። በየጠዋቱ ሩብ ሰዓት የሚያይ ሰው ከሌለም ባይጫን ይሻላል።

አሁን ኢሜይል የሚመጣው አንድ ኮምፒውተር ላይ በ5 ደቂቃ ውስጥ 10 ጊዜ ካልተሳካ ነው። ባለፈው ሳምንት ከመጋዘኑ መጣ። ደወልኩ።

«አብሽር ልጄ፣ እኔ ነኝ። ካፕስ ሎኩ በርቶ ነው።»