ለጠፍጣፋ እግር የገዛሁት ጠንካራ የውስጥ ሶል፣ ከክረምት እስከ ፋሲካ

ለቸኮለ ሰው መጀመሪያ ልንገረው፣ ሶሉ ይሰራል፣ እግሬን ግን አላስተካከለውም፣ ሊያስተካክለውም አይችልም። ጫማው ውስጥ እስካለ ይደግፋል፣ ሲወጣ እግሩ ያው እግር ነው፣ ልክ እንደ መነጽር በሉት። ቅስት (ውስጥ እግር መሀል ላይ ከፍ ብሎ መሬት የማይነካው ጎበጥ ያለ ቦታ) ያበቅላል ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ እየዋሻችሁ ነው። ይሄን ከተግባባን የቀረውን ሰፋ አርጌ ልጻፍ፣ ምክንያቱም እዚህ ባሕር ዳር እንደኔ ቆመው የሚሰሩ ልጆች ከየት አመጣኸው ይጠቅማል ወይ እያሉ ይጠይቁኛል፣ ለእያንዳንዱ ከማወራ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው።

ስራዬ አስተናጋጅነት ነው፣ ሐይቁ ዳር ካሉት ቤቶች ባንዱ። ወለሉ ሴራሚክ፣ ጫማው የግድ ጥቁር ቆዳ፣ ቅዳሜና እሁድ ሰው ዓሳ ሊበላ ሲጎርፍ ደሞ ከኪችን ውሃው ጫፍ ላይ እስካሉት ጠረጴዛዎች መመላለስ ነው፣ መቀመጥ ሚባል ነገር የለም። (በሁዳዴ ዓሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው፣ እኛ ብቻ በሁዳዴም እግራችን አያርፍም።) ህመሙ ከቁርጭምጭሚቴ በውስጥ በኩል ይጀምርና ወደ ውስጥ እግሬ ይወርዳል፣ ማታ ማታ ደሞ ባቴ ተገትሮ አላስተኛ ይለኛል። ጫማዬን ገልብጣችሁ ብታዩት ተረከዙ በውስጥ በኩል ተበልቶ አልቋል፣ ሊስትሮው ራሱ "አንተ ልጅ አረማመድህ ምን ሆኗል" ያለኝ ጊዜ ነበር።

ሶል ከመግዛቴ በፊት ፊዚዮቴራፒስት ጋ ሄጃለሁ፣ እናንተም ከቻላችሁ ሂዱ። ጠፍጣፋ እግር ማለት ስንቆም የውስጥ እግር ቅስት ወርዶ መሬት ሲነካ ወይም ሊነካ ሲቃረብ ነው፣ ቁርጭምጭሚቱም ወደ ውስጥ ያጋድላል፣ ከኋላ የሚያይ ሰው በውጭ በኩል ከወትሮው በዛ ያሉ ጣቶች ይታዩታል። ከትልልቅ ሰዎች ካምስት አንዱ ወይም ካራት አንዱ ገደማ እንዲህ አይነት እግር አለው ይባላል፣ አብዛኛው ደግሞ ምንም አያመውም። እና ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ እግራችሁ ጠፍጣፋ ሆኖ ካላመማችሁ፣ ስራና እግር ኳስ ካልከለከላችሁ፣ ምንም አትግዙ። ብራችሁን ለሌላ አርጉት።

ፊዚዮቴራፒስቷ ያስደረገችኝ ምርመራ ቤት ውስጥ ሚሰራ ነው። በባዶ እግር ቁሙና ተረከዛችሁን አንስታችሁ በጣታችሁ ቁሙ፣ ከኋላ ሰው ይያችሁ፣ ሰው ከሌለ ስልክ መሬት ላይ አስደግፋችሁ ቪዲዮ ቅረጹ። ቅስቱ ብቅ ካለና ተረከዙ ወደ ውስጥ ከዞረ እግሩ ተጣጣፊ የሚባለው ነው፣ በብዛት ያለው እሱ ነው፣ ሶልና ስፖርት የሚረዳውም እሱን ነው። በጣት ተቁሞም እግሩ እንደ ዝርግነቱ ከቀረ ግን ግትር ነው፣ ከነዚህ ውስጥ ከልጅነት ጀምሮ የእግር አጥንቶች ተያይዘው የቀሩባቸው ሰዎች አሉ፣ ያ የሐኪምና የራጅ ጉዳይ እንጂ የሶል ጉዳይ አደለም። ሌላው ደሞ ቁጭ ሳልል፣ እንደቆምኩ፣ አውራ ጣቴን በእጇ ወደ ላይ ቀና ስታረገው ቅስቱ አብሮ ተነሳ። ከውስጥ እግር ስር ከተረከዝ እስከ ጣት የተዘረጋ ወፍራም ጅማት አለ፣ አውራ ጣት ወደ ላይ ሲታጠፍ እሱ ይወጠርና ቅስቱን ይስበዋል፣ ሂክስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው አሰራሩን የጻፈው። የራሴ እግር ላይ ሳየው ገርሞኛል፣ ያን ያህል ዓመት እግሬ ቅስት ሚባል ነገር ያለው አይመስለኝም ነበር።

ወደ ሶሉ ልምጣ። ሁለት አይነት ሞክሬያለሁ። አንደኛው ገበያ ላይ በየሱቁ የተንጠለጠለው ጄል ነው፣ ለስላሳ፣ ስትረግጡት ደስ ይላል፣ ግን የኔ ኪሎ ሲያርፍበት ቅስት የተባለው ቦታ ጥፍት ይላል፣ በዛ ላይ በኛ ሙቀት እግር ያልበዋል። ተረከዝ ብቻ ለሚያመው ሰው ይሆን ይሆናል፣ ለጠፍጣፋ እግር ግን ትራስ ነው እንጂ ድጋፍ አደለም። ሁለተኛው፣ አሁን የምጽፍበት፣ ከስር ጠንካራ ፕላስቲክ ያለው፣ ላዩ ፎም ሆኖ በጨርቅ የተሸፈነ፣ ተረከዙ ጎድጎድ ብሎ እግርን የሚይዝ ነው። ከአዲስ አበባ በቴሌግራም አስመጣሁት፣ ዋጋውን ዛሬ ብናገር ነገ ስለሚቀየር ልተወው፣ ብቻ ከጄሉ ብዙ ይወደዳል፣ በልክ በሐኪም ትእዛዝ ከሚሰራው ግን በጣም ይረክሳል። በልክ የሚሰራውን ለመግዛት አትቸኩሉ፣ ለብዙ ሰው የተዘጋጀው ይበቃዋል፣ ካልሆነ በኋላ ይኬድበታል።

የመጀመሪያው ሳምንት ያስጠላል። ውስጥ እግራችሁ ስር ድንጋይ የገባ ነው ሚመስላችሁ። የተነገረኝ በመጀመሪያው ቀን ሰዓት ወይ ሁለት ሰዓት አርጎ ማውጣት፣ ከዛ በየቀኑ እየጨመሩ መሄድ ነው፣ እንደተባልኩት አረኩ፣ አብሮኝ የሚሰራ ልጅ ግን አንዴ ሙሉ ሽፍት አረገውና ጉልበቴን አመመኝ ብሎ ሳጥኑ ውስጥ ጥሎታል፣ እስካሁን እዛው ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ሲሆነኝ እኔ መኖሩንም ረሳሁት። ቅስት ጋ ያለው ጉብታ ግን ቦታው ላይ ካልተቀመጠ ስንትም ወር ቢቆይ አይለመድም፣ ጉብታው ወደ ጣቶቹ ስር የሚቆረቁራችሁ ከሆነ ሶሉ ረዝሞባችኋል ማለት ነው፣ በመቀስ ፊቱን መቁረጥ አይፈታውም ምክንያቱም ጉብታው አይንቀሳቀስም፣ ቁጥሩን ቀይሩ።

ሻጮቹ የማይነግሯችሁ ነገር ደሞ የጫማው ጉዳይ ነው። ጫማው ውስጥ ያለው የራሱ ሶል ካልወጣ እግራችሁ ከፍ ይልና ተረከዛችሁ ከጫማው እየወጣ ያስቸግራል። የኔ ተለጥፎ ነበር፣ ጫማ ሰፊው ጋሼ በቢላዋ ላጠልኝ፣ ማስቲሹንም ጠረገልኝ፣ የወጣውን ሶል አዲሱ ላይ አስቀምጦ በእርሳስ አስምሮ ፊቱን ቆረጠልኝ። እና ጫማው ራሱ ከተረከዝ ጀርባ ጠንካራ መሆን አለበት፣ በሁለት ጣት ስትጫኑት ከተጨፈለቀ ምንም ሶል ብታስገቡ አብሮት ያጋድላል። ባሌሪና (ስስ ዝርግ የሴት ጫማ) ምናምን ለሚያረጉ ሴቶች አዝናለሁ፣ እዛ ውስጥ ቦታም የለም።

አሁን ወደ ጥፋቱ። አንድ፣ ይጮኻል። ሴራሚክ ላይ ስሄድ ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ፕላስቲኩ ከጫማው ጋ ሲፋተግ ነው፣ ከስሩ ትንሽ የሕፃን ፓውደር ሲነሰነስበት ዝም ይላል ግን በየጊዜው መድገም ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ፣ ሐምሌና ነሐሴ ከቤት እስከ ስራ በባጃጅም ቢኬድ እግር መራሱ አይቀርም፣ ፎሙ ውሃ ከጠጣ በአንድ ሌሊት አይደርቅም፣ ይሸታል። ማታ ማታ ከጫማው አውጡት፣ ጥላ ላይ ንፋስ አስመቱት፣ ፀሐይ ላይ ቆርቆሮ ላይ አታስጡት ማጣበቂያው ይለቃል። መስከረም ላይ ጨርቁ ከፊት በኩል መላቀቅ ጀመረ፣ በማስቲሽ መልሼ ለጠፍኩት፣ እስካሁን ይዟል። ፕላስቲኩ ምንም አልሆነም፣ ፎሙ ግን ተረከዝ ላይ ተረግጦ ሳስቷል። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ሶል ከስድስት ወር እስከ አመት ነው ሚሰራው ይላሉ፣ የኔም እዛው ላይ ነው፣ ስለዚ ዋጋውን ስታስቡ በየአመቱ እንደሚገዛ ነገር አስቡት።

ቤተክርስቲያን ለሚያዘወትር ሰው ሌላም ነገር አለ። ጊዮርጊስ ለማስቀደስ ስትገቡ ጫማ ከበር ይቀራል፣ ሶሉም አብሮ። ዘጌ የሄድን ጊዜ ከጀልባ ወርደን በጫካው በድንጋዩ መንገድ እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ስኒከር ውስጥ አርጌው በጣም ተመችቶኛል፣ ውስጥ ገብተን በባዶ እግር ስንቆም ግን ቁርጭምጭሚቴ ወዲያው ነገረኝ። ለዚህ ነው እግርን ራሱን ማጠንከር የግድ የሚሆነው።

የምሰራው ስፖርት ቀላል ነው። ግድግዳ ገፍቼ አንዱን እግር ወደ ኋላ አርቄ፣ ተረከዜ ሳይነሳ፣ ባቴን እወጥራለሁ፣ ምክንያቱም ባት ካጠረ ስንራመድ ተረከዝ ቶሎ ከመሬት ይነሳና ክብደቱ ቅስቱ ላይ ይወድቃል። ከዛ ቀስ እያልኩ በጣት መቆምና ቀስ ብሎ መውረድ፣ ሲለመድ በአንድ እግር። ሦስተኛው ጣቶችን ሳያጥፉ የእግሩን ፊት ወደ ተረከዝ መሳብ ነው፣ እሱን ለመልመድ ትንሽ ይቆያል፣ መጀመሪያ እግራችሁ አይታዘዛችሁም። ገና ሰሞን ስራ ሲበዛ ስፖርቱን ተውኩት፣ ሶሉ ጫማዬ ውስጥ እያለ የባቴ መገተር ተመለሰ። ሶሉን ረስቼ በሌላ ጫማ የሄድኩ ቀን ደሞ ባቴ ደህና ሆኖ ቁርጭምጭሚቴ ነው የሚያመኝ። ለኔ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

እህቴ ይሄን አይታ ለልጇም ግዛለት ብላኝ ነበር፣ ገና አራት አመቱ ነው፣ እግሩ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ሲያርፍ ሙሉ ነው ሚታተመው። እትዬ ምንም አትግዢ አልኳት። ሕፃን ሁሉ ሲወለድ እግሩ ዝርግ ነው፣ ቅስቱ እያደገ ነው ሚመጣው፣ እስከ አስር አመት ገደማ ሊወስድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1989 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ከ1 እስከ 6 አመት ያሉ ልጆችን ለ3 አመት ልዩ ጫማና ሶል አስደርጎ ካላደረጉት ጋ አወዳድሮ ልዩነት አላገኘም። ሕንድ ውስጥ ደሞ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ 2,300 ልጆች የታዩበት ጥናት አለ፣ ጠፍጣፋ እግር ጫማ ከሚያደርጉት መሀል በመቶ 8.6፣ ባዶ እግራቸውን ከሚሄዱት መሀል 2.8 ነው ይላል። ይሄን ሰምታችሁ ግን ልጁን በባዶ እግሩ ቀይ አፈር ላይ አትልቀቁት፣ እኛ ጎጃም ነን፣ ከቀይ አፈር የሚመጣውን የእግር እብጠት በየገጠሩ እናውቀዋለን። ንጹሕ ወለል ላይ ቤት ውስጥ ይሩጥ፣ ይበቃዋል።

ሶል መፈለጉን ትታችሁ ቀጥታ ሐኪም ጋ መሄድ ያለባችሁም አላችሁ። ደህና የነበረ እግር በጉልምስና፣ በተለይ ባንድ በኩል ብቻ፣ እየወረደ ከመጣ፣ ከውስጥ ቁርጭምጭሚት ጀርባ ካበጠ፣ በአንድ እግር ቆማችሁ ተረከዛችሁን ማንሳት ካቃታችሁ፣ ቅስቱን የሚሸከመው ጅማት እየተጎዳ ሊሆን ይችላል፣ ቶሎ ካልተያዘ እግሩ እየገተረ ይሄዳል። ስኳር ያለበትና እግሩ የሚደነዝዝ ሰው ደሞ ይሄን ጠንካራ ሶል ከራሱ አያርግ፣ ሳይሰማው ሊያቆስለው ይችላል።

እኔ ሁለተኛ ጥንድ አዝዣለሁ፣ ያንኑ አይነት፣ ጨርቁ ዘንድሮ የተሻለ ነው ብሎኛል ሻጩ፣ እናያለን። አሮጌውን ለስኒከሬ አውርጄዋለሁ፣ ለገበያና ለመንገድ ገና ይሰራል። ከዚህ ልታዙ ካሰባችሁ የጫማችሁን ቁጥር ብቻ አትንገሩት፣ ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት ስር ድረስ ያለውን በሜትር ለክታችሁ ላኩለት፣ የጉብታውን ቦታ የሚወስነው እሱ ነው።