ዳዊን ላለው ኩያ፦ ማተቤን ሳታስወልቀኝ ኤሊ ስላሳየኸኝ

ይህን ነገር ልጽፍ ልጽፍ እያልኩ ሁለት ሳምንት አለፈኝ። ሺፍት ተደራረበብኝ። ዛሬ ኦፍ ነኝ፣ ቡናዬንም አፍልቻለሁ፣ ስለዚህ ረዘመ ብላችሁ እንዳትቆጡኝ። ለቸኮለ ሰው ባጭሩ፦ ፊሊፒንስ ሄዳችሁ ባህር ውስጥ ለመጥለቅ የምታስቡ ካላችሁ፣ በተለይ እንደ እኔ ፈሪ ከሆናችሁ፣ ኔግሮስ የሚባለው ደሴት ላይ ዳዊን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፣ እዚያ ሂዱ። እኔ የምነግራችሁን ሰውዬ ፈልጉት። ሌላ ቦታ ገንዘባችሁንም ጆሯችሁንም አታበላሹ።

ለምን ጆሮ እንዳልኩ ልንገራችሁ።

እኔ የቢሾፍቱ ልጅ ነኝ። ዙሪያችን ሐይቅ ነው፣ ግን ዋና አልችልም ነበር። እናቴ ሆራ ዳር ቆሜ ካየችኝ ያን ቀን አለቀልኝ። ውሃ በጭንቅላቴ ላይ የሚፈሰው ጥምቀት ሲረጩን ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ዋና የተማርኩት ዱባይ መጥቼ፣ በ29 ዓመቴ፣ የምንኖርበት ሕንፃ ገንዳ ውስጥ ነው። ያስተማረችኝ ፊሊፒናዊት የሥራ ባልደረባዬ ናት። አንድ ሆቴል ነው የምንሠራው፣ አልጋ አብረን ያነጠፍንበት ዘመን ሁሉ አለ። አገሯ ከ7,600 በላይ ደሴት ነው፣ ውሃ የማይፈራ ሕዝብ ነው፣ እኔን ስታይ ትስቃለች። ከዋናው በኋላ ግን ልቤ ወደ ታች ወደ ታች አለ። ከስር ምን እንዳለ ማየት አማረኝ።

መጀመሪያ ለመጥለቅ የሞከርኩበት ቦታ እዚሁ ዱባይ ነው። ስሙን አልጠራም። በቅናሽ ኩፖን ሄድኩ፣ ስምንት ሰው ለአንድ አስተማሪ ነበርን። አስር ደቂቃ የማይሞላ ማብራሪያ ሰጠን፣ ከዚያ አንገቴን አየና «ይሄን ክር በጥሺው» አለኝ። ማተቤን! የሃይማኖት ነው ብዬ ለመንኩት። ወይ አውልቂ ወይ ሂጂ አለኝ። ተከፍሎበታል፣ ሰው ይጠብቃል፣ አፈርኩና ፈትቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ቀን በፊት ከአንገቴ ወርዶ አያውቅም። ውሃው ውስጥ ደግሞ ትከሻዬ ላይ ያለውን ማሰሪያ ይዞ እንደ በግ ጎትቶ አወረደኝ። ጆሮዬ ሊፈነዳ ነው። ጆሮዬን እያሳየሁት እሱ በጣቱ «ደህና ነሽ» የሚለውን ምልክት ይሰጠኛል። ደህና አይደለሁም እኮ! ሁለት ሳምንት በአንድ ጆሮ ነው ስልክ ያነሳሁት። ገንዘቤን ስጠይቅ «ፈርመሻል» አሉኝ። አዎ ፈርሜያለሁ። ምን እንደፈረምኩ ግን ማን አስነበበኝ።

ሁለተኛው በሌላ አገር ነው፣ ቱሪስት የሚጋፋበት ዝነኛ ደሴት ላይ። እዚያ ያለው ልጅ ከየት ነሽ አለኝ፣ ነገርኩት፣ «አገራችሁ ውሃ የለም አይደል?» ብሎ ከጓደኞቹ ጋር ሳቀ። ለዓባይ አገር ልጅ! የሰጠኝ የዓይንና የአፍንጫ መሸፈኛ ማስክ ውሃ ያስገባል፣ አምስት ደቂቃ ሳልቆይ እያሳለኝ ወጣሁ፣ ሙሉውን አስከፈሉኝ። ያን ቀን ይብቃኝ አልኩ። እኔና ባህር አልተፈጠርንም ብዬ ተውኩት።

ባልደረባዬ ናት ያልተወችኝ። ዕረፍታችን ሲገጥም አገሬ ነይ፣ እናቴ ቤት ታርፊያለሽ አለችኝ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሄድን። ሴቡ ወደሚባለው ደሴት በአውሮፕላን፣ ከዚያ አውቶቡስ ወደ ደቡብ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት እንኳ በማይሞላ ጀልባ ተሻግረን ዱማጌቴ አጠገብ ደረስን። ዱማጌቴን የደጋግ ሰዎች ከተማ ነው የሚሏት። እኔ እንዲህ ያለ ቅጽል ስም አላምንም ነበር። ዳዊን ከዚያ ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። የባህር ዳርቻው አሸዋ ነጭ አይደለም፣ ጥቁር ነው፣ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው። ፖስት ካርድ ላይ የምታዩትን ዓይነት የምትጠብቁ ከሆነ ታዝናላችሁ። እኔ ግን ደስ አለኝ። የኛም ሐይቆች እኮ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ናቸው፣ ዘመድ ነን አልኳቸው።

ሰውዬውን ሁሉም ኩያ ነው የሚለው። ታላቅ ወንድም ማለት ነው፣ እንደኛ ጋሼ በሉት። ሃምሳ ያለፈው ይመስለኛል። በእንግሊዝኛ ስላወራን ነው እንጂ በአማርኛ ቢሆን አንቱ ነበር የምለው። የባልደረባዬ እናት እናቱን ያውቃሉ፣ በዚያ ነው ያገኘነው። የመጥለቂያውን ልብስ ስለብስ ማተቤን አየው። እኔ እጄ ወዲያው ወደ አንገቴ ሄደ፣ ለመፍታት። እሱ «ኖ፣ ኖ» አለና ከራሱ ሸሚዝ ስር መስቀሉን አውጥቶ አሳየኝ። ክሩ እንዳይንሳፈፍ ከልብሱ አንገት ስር አስገብቶ አስተካከለልኝ፣ አለቀ። ሌላው ሰውዬ መቀስ ያማረውን ነገር ይሄኛው በአንድ ጣት ጨረሰው።

ይህም ሆኖ ሰኞ አልተሳካልኝም። ገመድ ይዘን ቀስ እያልን ወረድን፣ ሦስት ሜትር አካባቢ ስንደርስ ጆሮዬን ያዘኝና ያ ቀን ትዝ አለኝ፣ መተንፈስ አቃተኝ። ይዞኝ ወጣ። እንደገና ሞከርን፣ እንደገና ወጣን። ሦስተኛው ላይ በቃ አለኝ። አልተቆጣም፣ ሰዓቱን አላየም። ዳር ላይ ተቀመጥንና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ «ማን አስፈራሽ?»

አለቀስኩ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ለማላውቀው ሰው ሁሉንም ዘረገፍኩት። ኩፖኑን፣ ክሩን፣ ጆሮዬን። ሰምቶ ሲጨርስ እንዲህ አለኝ፦ ከዛሬ ጀምሮ መውረድም መውጣትም የምትወስኚው አንቺ ነሽ። አውራ ጣትሽን ወደ ላይ ካሳየሽኝ እንወጣለን፣ ለምን ብዬ አልጠይቅሽም።

ማክሰኞ የትም አልወሰደኝም። ውሃው ደረቴ ጋ በሚደርስበት ቦታ ተንበርክከን ተነፈስን። አንድ ሰዓት ሙሉ ይሄው ነው። አፍንጫዬን ይዤ ጆሮዬን እንዴት እንደምከፍት፣ ማስኬ ውስጥ ውሃ ቢገባ እንዴት እንደማስወጣ ደጋግሞ አሳየኝ። ስለ ግፊትና ስለ አየር መጠን የነገረኝን አትጠይቁኝ፣ አልገባኝም። ሲጨርስ ከጥቁሩ አሸዋ ላይ ጥፍሬን የምታክል እንቁራሪት መሰል ዓሣ አሳየኝ። ለካ ሰው ከዓለም ዳር ድረስ ካሜራ ተሸክሞ ዳዊን የሚመጣው እንዲህ ያለች ሚጢጢ ፍጥረት ፍለጋ ነው። እኔ እኮ ድንጋይ ነው ብዬ ላልፋት ነበር።

እሮብ አፖ ደሴት ሄድን። ጀልባው የሚነሳው ማላታፓይ ከሚባል የባህር ዳርቻ ነው፣ እሮብ ደግሞ እዚያ የገበያ ቀን ነው። ከብቱ፣ ዓሣው፣ ጩኸቱ፣ በቃ የኛ አገር ገበያ በሉት። የባልደረባዬ እናት ሙሉውን ከተጠበሰ አሳማ ቆርጠው በቅጠል አቀረቡልኝ። እሮብም ነው፣ አሳማም ነው! እንዴት ብዬ ላስረዳቸው። ሙዝ በላሁ። እስከ መጨረሻው ቀን ልጅቷ ታማለች ብለው ነው የሚያምኑት።

ደሴቱ ከዳርቻው ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ጀልባው ላይ ኩያ የቦታውን ታሪክ ነገረኝ። አባቱ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በዚያ አካባቢ በድማሚት ሁሉ ዓሣ ይጠመድ ነበር፣ ዓሣውም እየጠፋ ሄደ። አንጄል አልካላ የሚባሉ የሲሊማን ዩኒቨርሲቲ የባህር ሳይንቲስት መጥተው ከደሴቱ ሰዎች ጋር ዓመታት ተነጋገሩ፣ በ1982 ሕዝቡ ራሱ የባህሩን አንድ ቁራሽ ማንም እንዳያጠምድበት ከለለው። ዓሣው ተመለሰ፣ ከክልሉ ወጥቶ ለመረባቸውም ተረፈ። በ2011 እና በ2012 አውሎ ነፋስ መጥቶ እዚያ ክልል ያለውን ኮራል፣ ዓሣ የሚጠለልበትን ድንጋይ መሰል የባህር ፍጥረት፣ ሲሰባብረው ሰው የሞተባቸው ያህል ነው ያዘኑት አለኝ። አልካላ 2023 ላይ አረፉ። ኩያ ስማቸውን ሲጠራ ኮፍያውን ያነሳል።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። ገመዱን ይዘን ወረድን። ሁለት ሜትር ላይ ነኝ። ጆሮዬ ደህና ነው፣ ትንፋሼ ደህና ነው፣ ምንም አልሆንኩም። ግን ሰውዬው እውነቱን ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ከውስጤ አልወጣ አለ። አውራ ጣቴን ወደ ላይ አሳየሁት። ዝም ብዬ፣ ልፈትነው።

ወዲያው ክንዴን ይዞ አብሮኝ ወጣ። ፊቱ ላይ ምንም የለም። ለምን አላለኝም። ውሃው ላይ ተንሳፍፈን እኔ እስክናገር ጠበቀ። ጀልባው ላይ ያለው ልጅ ምን ሆነች ብሎ ጮኸ፣ ኩያ በእጁ ዝም በል አለው። ከዚያ እኔ ራሴ «እንውረድ» አልኩ። በዚያች ሰዓት ፍርሃቴ ወጣልኝ። የጆሮ ሐኪም ያላዳነኝን እሱ በዝምታ አዳነኝ ብል አላጋነንኩም።

ታች ያየሁትንማ በምን አፌ። ትልቅ የባህር ኤሊ፣ ሳር ይግጣል፣ ልክ እንደ ላም! ቀና ብሎ አየኝና ወደ ሳሩ ተመለሰ። ነጭና ጥቁር ዥንጉርጉር እባብም አለፈ፣ ቢሾፍቱ ሜዳ ላይ ባየው ኖሮ እስከ ደብረ ዘይት አየር ኃይል ድረስ የሚሰማ ጩኸት ነበር የምጮኸው። እዚያ ግን ኩያ እጄን ስለያዘኝ ዝም ብዬ አየሁት። ዓሣዎቹ በመንጋ ሲዞሩ ፀሐዩ ላያቸው ላይ ይበራል። ማስኬ ውስጥ ውሃ ነበር፣ ግማሹ የባህር አልነበረም።

ሐሙስ ሌላ ዳይቭ ልጨምር ብዬ ለመንኩት፣ ከፍዬህ። አርብ ጠዋት አውሮፕላን አለሽ፣ ቢያንስ 18 ሰዓት ማረፍ አለብሽ ብሎ እምቢ አለኝ። ገንዘብ እምቢ ያለኝ የመጀመሪያው የዳይቪንግ ሰው ነው። ለሦስቱም ቀን የከፈልኩት ደግሞ ያኔ ጆሮዬን ላሳመሙኝ ሰዎች ለአንድ ቀን ከከፈልኩት አይበልጥም።

እህቶቼ፣ በተለይ እዚህ ገልፍ ያላችሁ፣ ፊሊፒኖ ባልደረባ የሌላት የለችም። ጠይቁ፣ ሂዱ። ዋና ባትችሉም መጀመሪያ ተማሩና ሂዱ። ኩያን ሳልጠይቀው ስሙንና ቁጥሩን አደባባይ አላወጣም፣ ኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ቸኩሎ የሚጎትታችሁ ሰው ጋ ግን ነጻ ቢሆንም እንኳ አትሂዱ፣ እባካችሁ።

እናቴን ደውዬ ቪዲዮውን አሳየኋት። ኤሊውን አላየችም፣ ዓሣውን አላየችም። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ «ማተብሽስ?» አለችኝ። ከልብሱ ስር ጫፉ ብቅ ብሎ ይታያል። እሷም አየችው። «ሰውዬውን እግዜር ይስጠው በይልኝ» አለች።

ኩያ አማርኛ አያነብም። እኔ በእንግሊዝኛ ለባልደረባዬ እነግራታለሁ፣ እሷ በቢሳያ፣ በቋንቋቸው፣ ለእናቷ ትነግራለች፣ እናቷ እሮብ ገበያ ሲወርዱ ይነግሩታል። እግዜር ይስጥልኝ ኩያ፣ ከእናቴም ነው።