አንድ ትልቅ ፋብሪካ ወይስ ብዙ ትንንሽ ቢዝነሶች?

በማደግ ላይ ላለ ኢኮኖሚ የቱ ይሻላል ለምትሉ፣

ስራ፦ በብዛት ትንንሾቹ ይበልጣሉ። የዓለም ባንክ እንደሚለው በዓለም ካሉት ቢዝነሶች 90 በመቶ አካባቢ አነስተኛና መካከለኛ ናቸው፣ ከስራውም ከግማሽ በላይ እነሱ ጋ ነው። ፋብሪካ ግን ደሞዙ ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ብድር፦ ጉዱ እዚህ ጋ ነው። ፋብሪካው ህንፃና ማሽን አስይዞ ይበደራል፣ ሁለት የስፌት መኪና ያላት ሴትዮ ግን ትእዛዝ ተቀብላ ጨርቅ መግዣ አጥታ ትቆማለች፣ ባንኩ ቤት አስይዢ ይላታል (ቤት ቢኖራትማ መች ትለምነው ነበር!)

ሪስክ፦ ትንሹ ቶሎ ይዘጋል፣ ፋብሪካ ሲዘጋ ግን ከተማው ሙሉ ይነካል።

ኤክስፖርት በብዛት ከተፈለገ ፋብሪካ፣ በትንሽ ካፒታል ብዙ ሰው ስራ ይያዝ ከተባለ ትንንሾቹ፣ ፋብሪካው ካርቶኑንና ማሸጊያውን ከነሱ የሚገዛ ከሆነ ደሞ ሁለቱም።