የዕፅዋት መድኃኒት ላብራቶሪ አስመረመርኩ፣ ግማሹ አሪፍ ግማሹ ለፎቶ

የደረቀ ቅጠል ዱቄት ለአንድ የግል ላብራቶሪ ሰጥቼ ሁለት ቴስት ነው ያሰራሁት፣ አንዱ ዱቄቱ ውስጥ ምን ያህል ጀርም አለ የሚለው፣ ሌላው ዱቄቱ ራሱ ጀርም ይገድላል ወይ የሚለው።

የመጀመሪያው በጣም ተመችቶኛል። ገና ሳምፕሉን ሲቀበሉኝ "በፈላ ውሃ ነው የሚጠጣው ወይስ እንዲሁ የሚዋጥ?" ብለው ጠየቁኝ። ሁሉም አይጠይቅም እኮ፣ ግን ወሳኝ ነው ምክንያቱም የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ እንደ አጠቃቀሙ ይለያያል፣ የፈላ ውሃ ለሚጨመርበት በግራም እስከ 10 ሚሊዮን ባክቴሪያ ሲፈቀድ እንዲሁ ለሚዋጠው 100 ሺህ ነው፣ ሳልሞኔላ ግን በሁለቱም ጭራሽ መገኘት የለበትም። (በነገራችን ላይ ማፍላት ሁሉን አይጨርስም፣ ባሲለስ የሚባለው ባክቴሪያ ስፖር፣ ማለትም ጠንካራ ሽፋን ያለው የተኛ መልኩ፣ ከፈላም በኋላ ይተርፋል።)

ደስ ያለኝ ደግሞ ከመቁጠራቸው በፊት ሳምፕሉ ላይ መጠኑን የሚያውቁት ትንሽ ባክቴሪያ ጨምረው ፕሌቱ (ባክቴሪያ የሚያበቅሉበት ሰሃን) ላይ ይበቅል እንደሆነ ማየታቸው ነው፤ ለምን ካላችሁ ቅጠሉ ባክቴሪያ የሚያዳክም ነገር ካለው ምንም አይበቅልም፣ ሪፖርቱ "ንጹህ" ይላል፣ ጀርሞቹ ግን እዛው አሉ። የኔም መጀመሪያ አልበቀለም፣ አቅጥነው፣ የቅጠሉን ባክቴሪያ የማዳከም አቅም የሚያከሽፍ ፖሊሶርቤት የሚባል ነገር ጨምረው ደገሙት። ሻጋታው ለብቻው ከ20–25 ዲግሪ ላይ እስከ 7 ቀን ስለሚቆይ ደግሞ ውጤቱ ነገ ይድረስ ብላችሁ አትጨቅጭቋቸው።

ሁለተኛው ግን... እንጃ። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የሚባል ባክቴሪያ የተዘራበት ፕሌት ላይ የጠራ ክብ አለ (ባክቴሪያው ያልበቀለበት ቦታ ማለት ነው)፣ ከጎኑ የጄንታማይሲን፣ ማለትም የታወቀ አንቲባዮቲክ፣ ክብ፣ ከስር "ከፍተኛ ፀረ ተህዋስያን አቅም"። ምኑ ነው ከፍተኛው? ክቡ የሚሰፋው ወይ የሚጠበው ንጥረ ነገሩ አጋሩ (ፕሌቱ ላይ ያለው ጄል) ውስጥ እንደሚሰራጨው ጭምር ስለሆነ ሁለቱን በሚሊሜትር ማወዳደር አይሰራም፣ የባክቴሪያውን እድገት የሚያቆመው ትንሹ መጠን ማለትም ኤም አይ ሲ ደግሞ ጭራሽ አልተለካም። ይባስ ብሎ ዱቄቱን የዘፈዘፉት በኤታኖል (በአልኮል) ነው፣ ሰው የሚጠጣው በውሃ! ኤታኖሉ ብቻውን ምን እንደሚያደርግ የሚያሳይ ኮንትሮልም የለም፣ ስጠይቅ "ደንበኛ የሚፈልገው ክቡን ነው" አሉኝ።

ሻጋታ የሚያመርተው መርዝ፣ የአፍላቶክሲን ምርመራም ፓኬጁ ውስጥ የለበትም፣ ሻጋታው ቢሞት እንኳ መርዙ ስለሚቀር ለብቻ እዘዙ።

ለጀርም ቆጠራው ቴስት ከ5 5፣ ለሌላው 2። ለቆጠራው እመለሳለሁ፣ ኤም አይ ሲውን ግን ሌላ ቦታ ነው የማሰራው።